ያልታረደ እራት

ምግብ ማብሰል የማይችል ሰው እንግዳ ሲመጣበት ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ የሚችል ሰው እግር ሥር ይወድቃል፣ ወይ ስልኩን ይከፍታል። እኔ ስልኬን ከፈትኩ። እግሯ ሥር ልወድቅላት የምችለው ብቸኛ ሰው ባለቤቴ ብዙነሽ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አባቷን ይዛ ዓይን ሕክምና ወረፋ ላይ ነች። ስልኳም ባትሪ ጨርሶ ተዘግቷል። ከመዘጋቱ በፊት የላከችልኝ መልእክት እንዲህ ይላል፦ «አባዬ ማታ እኛ ጋ ይመጣል። ውሃ ጠጥቶ ነው የሚሄደው። ከቻልክ የሚቀመስ ነገር አዘጋጅ።»

«ከቻልክ» የምትለዋን ቃል መላልሼ አነበብኳት። ከትዳራችን ጋር አብራ የኖረች ቃል ናት። ብዙነሽ «ከቻልክ» ስትለኝ እንደማልችል ታውቃለች፤ እኔም እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ እንዲህ ተከባብረን እንኖራለን።

መልእክቱ ሌላ ቤት ቢደርስ ተራ ነገር ነው። እኛ ቤት ግን ከባድ ነው። የብዙነሽ አባት፣ አባባ ዘለቀ፣ ደጋው ላይ ከጨንቻ አለፍ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ ቀናቸውን የማይጀምሩ ኦርቶዶክስ። እኔ ደግሞ ከወላይታ መጥተው ጫኖ ሙዝ እርሻ ውስጥ የሰፈሩ የጴንጤዎች ልጅ ነኝ። ስንጋባ ሰርጋችን ላይ አልተገኙም። አልረገሙንም፣ አልጮኹብንም። ቢጮኹብን ይሻለን ነበር፤ የሚጮህ ሰው ቢያንስ ይደክመዋል። ዝም ብለው ከእኛ ጋር መብላት አቆሙ። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ጤናችንን ይጠይቃሉ፣ የልጃቸውን ግንባር ይስማሉ። ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱም ቤታችን ጎራ ብለው ያውቃሉ። ገብተው ይቀመጣሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ይነሳሉ። እህል አይቀምሱም። አባት ልጁ ቤት ገብቶ ውሃ ብቻ ጠጥቶ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እሳቸው በሄዱ ቁጥር ብዙነሽ ያቺን ብርጭቆ ታጥባለች። አጥርታም ታጥባታለች። እኔም በሩ ላይ ቆሜ የማየው ነገር እንደሌለ አስመስላለሁ።

ስለዚህ በዚያን ቀን ከቢሮ በጊዜ ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኚህ ሰው ዛሬ አንድ ጉርሻ እንኳን እቤታችን ይቀምሳሉ ወይስ አይቀምሱም?

ምን ላቅርብ? ሥጋ ብገዛ ማን አረደው የሚል ጥያቄ አለ። ጥያቄው ባይነሳም ገበታው ላይ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ያመሻል። ዶሮማ ጭራሽ አይሞከርም፤ ዶሮ የሚያርደው የቤቱ ወንድ ነው፣ የቤቱ ወንድ ደግሞ ዋናው ችግር ራሱ ነው። ሽሮ እንዳላደርግ፣ ስንት ዘመን ጠብቀው ለሽሮ ነው ወይ የጠሩኝ እንዳይሉ ፈራሁ። ቆሜ ሳስብ ቆይቼ አንድ ብልሃት ብልጭ አለችልኝ፤ ዓሣ! ዓሣ አይታረድም። ማንም ቢላዋ ይዞ በማንም ስም አይባርከውም። ከጫሞ ሐይቅ ይወጣል፣ እንደወጣ ይሞታል፣ የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን አባል ሳይሆን ይበላል። ቀኑ ሐሙስ ስለሆነም የጾም ክርክር የለም። በራሴ በጣም ኮራሁ። እኔ በራሴ ስኮራ ነገር እንደሚበላሽ የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ስልኬ ላይ ያገኘኋት ሴትዮ «የቱና ስቴክ ለፈጣን እራት» ትላለች። ከኋላዋ ባሕር ይታያል፣ ፊቷ ላይ ላብ የሚባል ነገር የለም። ዓሣውን ወፈር አድርጋ ትቆርጣለች፣ በቅመም ታሸዋለች፣ ጥቂት ታቆየዋለች፣ መጥበሻ ላይ ታገላብጠዋለች፣ አለቀ። ቱና እኛ ጋ የሚመጣው በቆርቆሮ ተፈጭቶ ነው፤ እሱን ስቴክ አድርጎ መቁረጥ አይታሰብም። ቢሆንም ጫሞን የሚያህል ሐይቅ አጠገብ ተቀምጦ በቱና መሸነፍ አሳፋሪ መሰለኝ። ለቅመሙ ደግሞ ሶያ ሶስ፣ የሰሊጥ ዘይት፣ ማር፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ያስፈልጋል። «እነዚህ ነገሮች ከማንኛውም ቤት አይጠፉም» አለች ሴትዮዋ። የማንን ቤት ማለቷ እንደሆነ አላብራራችም።

ሲቀላ ገበያ ወርጄ ዓሣ ሻጩ ዘንድ ስደርስ፣ ትርፍራፊ የሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እንደ ልማዳቸው ከኋላው ተሰልፈው ቆመዋል። አባ ኮዳን ሳይ ሁልጊዜ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው የሚመስለኝ፤ ራሰ በራ፣ ረጅም ኮት የለበሰ፣ ምንም የማይጥመው።

«ፊሌቶ ላውጣልህ?» አለኝ ሻጩ።

«አይ፣ ወፈር ወፈር አድርገህ ቁረጥልኝ። እንደ ቁርጥ።»

«ዓሣ? እንደ ቁርጥ?»

«ስቴክ ነው የሚባለው።»

«የፈለገውን ይባል» አለና ቢላዋውን አነሳ። «ስትበላው ግን ከእኔ እንደገዛህ ለሰው አትናገር።»

እግረ መንገዴን ቆጮ ገዛሁ። የደጋ ሰው ያለ ቆጮ አይስተናገድም ብዬ ነው። ቀይ ዳጣም ገዛሁ። ዳጣን ለማታውቁ፣ በርበሬና ዝንጅብል ነጭ ሽንኩርት ተጨምሮበት አንድ ላይ የሚደቆስ፣ በእኛ አገር ሥጋ ባለበት ሁሉ የማይጠፋ ማባያ ነው። ሶያ ሶሱንም፣ የሰሊጥ ዘይቱንም፣ ማሩንም በእሱ ልተካ ወሰንኩ። ሴትዮዋ ይህን ብትሰማ ባሕሩ ውስጥ ትገባ ነበር።

ቤት ገብቼ ዓሣውን በሎሚና በዳጣ አሸሁት። አንዴ ማሸት ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ፤ ነጭ የነበረው ዓሣ ከዳር እስከ ዳር ደም መሰለ። ሰፊ ሳህን ላይ አጋድሜ ደረደርኩት። ከሳህኑ አጠገብ ቆጮውን፣ በትንሽ ሳህን ትርፍ ዳጣ፣ ሴትዮዋ ስቴኩን ገበታ ላይ ስትቆርጠው ስላየሁም አንድ ስለታም ቢላዋ አስቀመጥኩ። የሳሎኑ ጠረጴዛ አማረብኝ። ዘይት መጥበሻ ላይ ጨምሬ ምድጃውን ስሰካ መብራት ጠፋ።

መብራት ሲጠፋ የሰፈራችን ሰው በአንድ ድምፅ «ወይኔ!» ይላል። እኔም ከሁሉም አስበልጬ አልኩ። ሻማ አብርቼ ሳሎን ውስጥ አስቀመጥኩና ከሰል ለማቀጣጠል ወደ ግቢ ወጣሁ። ከሰሉ እርጥበት ስለነበረው ጭሱን እንጂ እሳቱን ሊሰጠኝ ፈቃደኛ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ በካርቶን እያራገብኩ፣ ዓይኔ እያለቀሰ ሳለ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ።

አባባ ዘለቀ ጋቢያቸውን ደርበው በብዙነሽ እጅ እየተመሩ ገቡ። ሐኪሞቹ ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ ጨምረውባቸው ስለነበር እስከ ማግስቱ አጥርተው አያዩም። ሮጬ ጫማቸው ድረስ ዝቅ ብዬ ሰላም አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነህ ወይ» ብለው ከጎኔ ለተሰቀለው ጃኬት መለሱለት። የእኔ ወላይትኛና የእሳቸው ጋሞኛ ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን በአማት ፊት መሳሳት ስለሚያስፈራ ሁለታችንም ወደ አማርኛ እንሸሻለን። እሳቸው በአማርኛ ሲያወሩ ወንዱም ሴቱም ነገር እንዳሻቸው ይቀያየራል፤ ማንም አያርማቸውም።

«አልቆይም» አሉ ሲቀመጡ። «ባጃጇን ጠብቅ ብያለሁ። የአጎቴ ልጅ ቤት ነው የማድረው። ውሃ ብቻ ስጪኝ።»

ብዙነሽ ውሃውን ቀድታ አጠገባቸው አስቀመጠችና እኔ ወዳለሁበት ግቢ ወጣች። ጭሱ ውስጥ ቆመን በሹክሹክታ አወራን።

«ምንድነው የምታደርገው?»

«እራት ነዋ። ሁሉም ተዘጋጅቷል፣ መጥበስ ብቻ ነው የቀረው።»

«ምን?»

«ዓሣ። ስቴክ።»

ብዙነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ዓሣ? ለአባዬ? አጎቴ አንዴ ዓሣ ይዞ ደጋ ቢወጣ እኮ የተቀቀለበትን ድስት ሳይቀር ነው ያስጣለው! የውሃ እባብ ነው የሚለው። በሕይወቱ ቀምሶት አያውቅም። እንዴት ይህን አታውቅም?»

«በምን ልወቅ?» አልኳት። «አብረን በልተን እናውቃለን?»

ይህን ብዬ ራሴ ደነገጥኩ። ከሰሉም፣ ስንለምነው የቆየው፣ አሁን ቀይ ሆኖ ተያያዘ። ብዙነሽ አንገቷን አቀርቅራ ፍሙን አየችው። ደክሟታል። ቀኑን ሙሉ ከወረፋ ወደ ወረፋ አባቷን እጅ በእጅ ይዛ ስትዞር የዋለችው፣ ማታ ላይ ይህቺን አንድ ሰዓት ለማግኘት ነበር። እኔ ደግሞ ያቺን ሰዓት በእባብ ተቀበልኳት።

«ዕንቁላል አለ?» አለች በመጨረሻ።

«አለ።»

«በል፣ ሳያውቅ ሳህኑን አንስተን እንደብቀው። ዕንቁላል እጠብሳለሁ። ከበላ በላ፣ ካልበላም ውሃውን ጠጥቶ ይሂድ።»

ተከታትለን ገባን። የውሃው ብርጭቆ እንደተሞላ ነው። ሳህኑ ግን ግማሽ ሆኗል። አባባ ዘለቀ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሰብስበው፣ ጥሬውን ዓሣ በግራ እጃቸው ይዘው፣ በቢላዋው ስስ አድርገው እየሰነጠቁ፣ ዳጣ እያስነኩ፣ ከቆጮ ጋር ይጎርሳሉ። ረጋ ብለው፣ የመስቀል ዕለት ከወንድሞቻቸው ጋር የተቀመጡ ይመስል።

በሳቸው አልፈርድም። ዓይኑ የማያይለት ሰው በሻማ ብርሃን ሲዳስስ ቆጮ ካገኘ፣ ዳጣ ካገኘ፣ ቢላዋ ካገኘ፣ መሃል ላይ ደግሞ ወፍራም ቀይ ነገር ከተጋደመለት፣ በእኛ አገር ይህ ከቁርጥ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም። እንኳን እሳቸው፣ እኔም ሳላውቅ ብገባ ቢላዋውን አነሳ ነበር። ሎሚው ደግሞ ሽታውን አጥፍቶታል።

«ኑ እንጂ፤ ብቻዬን በላሁ» አሉ ኮቴያችንን ሰምተው። «ይሄ ሥጋ ለስላሳ ናት። ጥርስ አትፈልግም። ጥጃ ነው?»

ብዙነሽ ክንዴን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ገባ። ዞር ብዬ ሳያት እንባዋ በጉንጯ ላይ ይወርዳል፤ ፊቷ ግን ይስቃል። በጆሮዬ «ዝም በል» አለችኝ። «በልቷል። ምንም አትናገር፣ በልቷል።»

ዝም ማለትን እኔም ተመኘሁ። ማን ይጠላል? ሰውዬው በልተዋል፣ ጣፍጧቸዋል፣ ባጃጁም በር ላይ ነው። ጠብታው ሳይለቃቸው ሸኝተናቸው እፎይ ማለት እንችላለን። ግን ነገ ቢያውቁስ? ሆድ ቢያማቸውስ? ዓይናቸውን ታክመው የመጡ ሽማግሌ፣ አለማየቴን ተጠቅመው የማልበላውን አበሉኝ ቢሉ ምን አፍ ይኖረናል? ከዛሬ ወዲያ የሚበሉልን ምግብ ሁሉ በዚህ ውሸት ላይ ሊቀመጥ ነው። እንዲህ እያወጣሁ እያወረድኩ እያለሁ አባባ ዘለቀ ቢላዋውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና ያን የሸሸሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ማን ነው ያረደው?»

ከቢሮ ስወጣ ጀምሮ ለዚህች ጥያቄ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። በመልሴም ኮርቼ ነበር። ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«ማንም አላረደውም!»

የአባባ ዘለቀ መንጋጋ ቆመ። ያልታረደ ሥጋ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ሰው ጠላቱን እንኳን በክት አያበላም።

«አባዬ፣ እሱ ለማለት የፈለገው...» አለች ብዙነሽ።

«አዎ፣ ለማለት የፈለግኩት» አልኩ፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ «በራሱ ጊዜ ነው የሞተው።»

አባባ ዘለቀ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቀስ ብለው ተነሱ። ደጅ ባጃጁ ጡሩምባውን ነፋ።

«በክት?» አሉ በቀጭን ድምፅ። «በክት አበላችሁኝ?»

«ዓሣ ነው አባባ!» ብዬ ጮህኩ። «ዓሣ! ዓሣ ብቻ ነው!» ያ ስሸሽገው የነበረ ነገር መዳኛዬ ሆኖ አረፈው፤ እንዲህ በደስታ የምሥራች የሚነገርለት ዓሣ ጫሞ ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

ቆመው ቀሩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ሳህኑን ፈለጉ፣ አንድ ቁራጭ አንስተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ይሄ ዓሣ ናት?»

«አዎ አባባ።»

«ጥሬዋን?»

«ጥሬዋን። ልጠብሳት ነበር፣ መብራት ጠፋና...» በድንጋጤ እኔም ዓሣውን ሴት አደረግኩት።

ተመልሰው ተቀመጡ። ብዙነሽ አጠገባቸው ተንበርክካ ጋቢያቸውን ይዛለች። የሚነሱ መሰለኝ፤ ብርጭቆውን የሚያነሱ፣ ውሃውን የሚጠጡ፣ ዳግመኛም የማይመጡ። በሆዴ ያቺን ሴትዮ ከነባሕሯ ረገምኳት።

«ባጃጅ ላይ ሆኜ» አሉ በመጨረሻ፣ «ውሃ ጠጥቼ እወጣለሁ ብዬ ነበር። ገብቼ ስቀመጥ እጄ ሳህን ነካች። ሥጋ አስቀመጡልኝ አልኩ። ማን አረደው ብዬ ልጠይቅ ነው፤ ቤት ውስጥ ሰው የለም። ሁለታችሁም ውጪ ናችሁ። ከዚያ አሰብኩ። ብጠይቅስ? መልሱን አውቄው የለ? ይህች ልጅ ዛሬ እንደ ሕፃን እጄን ይዛ ስትዞር ዋለች። ደረጃ አለ አባዬ፣ ጉድጓድ አለ አባዬ፣ ትለኛለች። ማታ ደግሞ ውሃዋን ጠጥቼ ልሂድ? እስከ መቼ?» ቆም ብለው ወደ እኔ አቅጣጫ ዞሩ። «አሁን የጠየቅኩህ ከአፍህ ልሰማው ብዬ እንጂ፣ አንተ ነህ ያረድከው ብዬ ነው የበላሁት። አማተብኩና በላሁ።»

በሕይወቴ ብዙ ነገር ተደርጎልኛል፤ የዚህን ያህል ግን የተደረገልኝ የለም። እኔ ከቢላዋ ለመሸሽ ሐይቅ ድረስ ስሄድ፣ እሳቸው ለብቻቸው ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ቢላዋዬን ይቅር ብለውታል።

«ታዲያ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ያንተን ሥጋ የበላሁ ሰው በዓሣ ልጣላ? ሂድ ጥበስ! ጥሬ ዓሣ በላ ብለው ደጋ ላይ እንዳይስቁብኝ። አንቺም ባጃጇን ሂድ በይው። ዛሬ እዚሁ ነው የማድረው።»

ብዙነሽ ባዶ እግሯን ሮጠች። በሩ ላይ ለባለ ባጃጁ ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ ሳቋን ግን ሰማሁ። ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ዓሣው እንደ ሴትዮዋ ስቴክ ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። ሎሚው ሲበላው አምሽቶ መጥበሻ ላይ ሳሳርፈው ፍርክስክስ አለ። ከሥር አረረ፣ ከላይ ገረጣ። ዳጣው እሳቱ ሲነካው ግቢውን ሁሉ አስነጠሰ፤ አጥር ዘልቆ የጎረቤትን ሰው አስነጠሰ። ቢሆንም በትኩሱ ሳህን ላይ ገልብጬ አቀረብኩት፤ ሦስታችንም በአንድ ሻማ ዙሪያ ተቀመጥን።

አባባ ዘለቀ አማተቡ። ቆጮ ቆረሱ፣ ከላዩ ትልቅ ቁራጭ አደረጉበት፣ እጃቸውንም ዘረጉ። እጃቸው አፍ ፍለጋ ትንሽ ተንከራተተ። ጉርሻው የብዙነሽ ነው፤ ይህን ሦስታችንም እናውቃለን። ከሰርጋችን ጀምሮ የናፈቀችው ነው። አፏንም ከፍታ ነበር። ግን የአባቷን እጅ ቀስ ብላ ያዘችና ወደ እኔ አዞረችው።

ጎረስኩ። እሳት ነበር። ምላሴ ተላጠ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ግማሹ ከሙቀቱ ነው።

«ማን ነው የጎረሰው?» አሉ አባባ ዘለቀ።

«እሱ ነው አባዬ» አለች ብዙነሽ።

ሌላ ቆጮ ቆረሱ፣ ሌላ ቁራጭ አደረጉበት። ለልጃቸው ነው ብዬ ወደ ኋላ አልኩ።

«የታለህ?» አሉኝ።

«እዚህ ነኝ አባባ» አልኩ፤ እጃቸውም ድምፄን ተከትሎ መጣ።